የታዳጊ ቁጥር እንዴት ይነበባል? ስለ ደሴና ኮምቦልቻ ልጆች አካል ብቃት ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ኳስ የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ጽሑፍ ሲቀባበል ሰንብቷል። እኔም ጋ ደርሶ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ነገሩ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ታዳጊ ተጫዋቾች አካል ብቃት በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ምን ያህል ተለወጠ የሚል ነው። ደሴ ላይ ታዳጊ ከሚያሰለጥኑት አንዱ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ምክንያቱም ጽሑፉን ይዘው የሚቀነሱ ልጆችን ስም ዝርዝር ያወጡ አሉ። ወላጆችም «ልጄ ሰነፍ ነው እንዴ?» እያሉ መጠየቅ ጀምረዋል።

መጀመሪያ ጽሑፉ ያለውን እንዳለ ላስቀምጥ። ጸሐፊው ከሁለቱም ከተሞች ልጆችን ሁለት ጊዜ ለክተዋል፤ መስከረም ላይ ውድድር ሳይጀመር፣ ከዚያ ግንቦት ላይ ሲያልቅ። የለኩት ሦስት ነገር ነው፦ ግድግዳ ላይ በጠመኔ የሚለካ ዝላይ፣ የ30 ሜትር ፍጥነትና የ12 ደቂቃ ሩጫ። ዝላዩና ፍጥነቱ ስለተሻሻሉ ልምምዱ ጉልበት ላይ በደንብ ሠርቷል አሉ። የ12 ደቂቃው ሩጫ ግን ፈቅ ስላላለ አሰልጣኞች ልጆቹን አያስሮጡም። የኮምቦልቻ ልጆች በ12 ደቂቃ ከደሴዎቹ የበለጠ ርቀት ስለሸፈኑ የደሴ ልጆች ሰንፈዋል። መፍትሔው በየቀኑ ጠዋት የደሴን ተራራ ጦሳን ሮጦ መውጣትና መውረድ ነው፤ የጨዋታ ማግስትም ሳይቀር። በጾም የሚዳከም ልጅ ጾሙ እስኪፈታ ከቡድኑ ይውጣ። በመጨረሻም፣ ከመስከረም እስከ ግንቦት ያልተሻሻለ ልጅ ቦታውን ለሌላ ይልቀቅ። ሐሳባቸው በአጭሩ ይኸው ነው።

ጸሐፊውን የማመሰግንበት ነገር አለ። ለክተዋል። እኛ ጋ ልጅ የሚመዘነው በዓይን ነው፤ «ይሄ ጉልበት አለው፣ ያኛው የለውም» ተብሎ ያልቃል። ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ወረቀት ይዘው፣ ልጅ በልጅ መመዝገባቸው ትልቅ ሥራ ነው። የእኔ ቅሬታ ከቁጥሩ ጋር አይደለም፤ ከቁጥሩ አነባበብ ጋር ነው። የ14 ዓመት ልጅ ውጤት እንደ 25 ዓመት ሰው ውጤት አይነበብም። የ25 ዓመቱ ሰው ሰውነት መስከረምም ግንቦትም ያው ነው። የ14 ዓመቱ ልጅ ግን ግንቦት ላይ የሚመጣው ሌላ ሰውነት ይዞ ነው።

በዝላዩ ልጀምር። ልጁ ግድግዳ ተጠግቶ ይቆማል። ጣቱን ጠመኔ ይቀባል። ተረከዙን ሳያነሳ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ግድግዳው ላይ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ይዘልና የደረሰበት ላይ ሌላ ምልክት ይተዋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ዝላዩ ነው። ቀላልና ጥሩ መለኪያ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ችግሩ ያለው ጽሑፉ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፈችው ነገር ላይ ነው። ቆሞ የሚደረስበት የመጀመሪያው ምልክት የተለካው መስከረም ላይ ብቻ ነው። ግንቦት ላይ «ጊዜ ለመቆጠብ» የመስከረሙን ተጠቅመዋል።

ወንድ ልጅ ቁመቱ በፍጥነት የሚያድገው በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ነው። በዚያ ዓመት 8 ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። ከመስከረም እስከ ግንቦት 8 ወር ነው። አንድ ልጅ በዚህ ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር አደገ እንበል። እጁም አብሮ ይረዝማል። ግንቦት ላይ ልክ እንደ መስከረሙ ቢዘል እንኳ ጠመኔው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያርፋል። መዝገቡ ላይ «ዝላዩ ጨመረ» ተብሎ ይጻፋል። ዝላዩ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ያደገው ልጁ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት በትክክል ተለክቶ ቢሆንስ? ያኔም ጥያቄው አያልቅም። በዚህ ዕድሜ ኳስ ነክቶ የማያውቅ ልጅም ጡንቻው ይጠነክራል፤ በዓመት ውስጥ ዝላዩም ፍጥነቱም ይሻሻላል። ስለዚህ የትኛው የልምምድ፣ የትኛው የዕድገት ውጤት እንደሆነ ለመለየት አብረዋቸው የሚማሩ፣ ቡድን ውስጥ የሌሉ እኩዮቻቸውንም መለካት ያስፈልግ ነበር። ያ አልተደረገም። ልምምዱ ምንም አልጠቀመም እያልኩ አይደለም። ምን ያህል እንደጠቀመ ከዚህ መዝገብ ማወቅ አይቻልም ነው የምለው።

ስለ 30 ሜትሩ ብዙ አልልም። ሰዓቱ የተያዘው በስልክ ነው። በእጅ ሰዓት ሲያዝ ጣት ቀድሞም ዘግይቶም ስለሚነካ የሰከንድ አንድ ወይም ሁለት አስረኛ ስህተት ያለ ነው፤ ጽሑፉ መሻሻል ያለው ለብዙዎቹ ልጆች ከዚህ አይበልጥም። በዚያ ላይ መስከረም ላይ ሜዳችን ክረምት ጠጥቶ የወጣ ነው፤ ሣሩ ረዥም፣ አፈሩ ለስላሳ። ሩጫው የተለካው በዚህ ሜዳ ላይ ከሆነ የግንቦቱ ሰዓት ከሜዳው ድርቀት የተነሳም ሊያጥር ይችላል።

አሁን ወደ 12 ደቂቃው ሩጫ ልምጣ። የጽሑፉ ቁጣ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ይህን ፈተና እ.ኤ.አ. በ1968 በሰፊው ያስተዋወቀው ኬኔት ኩፐር ነው፤ የታሰበውም ለአሜሪካ አየር ኃይል አባላት ነበር። ለአዋቂ ወታደር፣ በአንድ ምት ለሚሮጥ ሩጫ። ኳስ ተጫዋች በአንድ ምት አይሮጥም። ይፈተለካል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ ይራመዳል፣ ደግሞ ይፈተለካል። ለዚህ የሚቀርበው የዮዮ ፈተና ነው፦ 20 ሜትር ሄዶ 20 ሜትር መመለስ፣ 10 ሰከንድ እየተራመዱ ማገገም፣ ከዚያ ፍጥነቱ እየጨመረ መቀጠል። አራት ኮንና ድምፁን የሚያሰማ አንድ ስልክ ይበቃዋል።

ግን ፈተናው ትክክለኛ ነው ብለን እንቀበል። ውጤቱ አለመጨመሩ አሰልጣኙ ተኝቷል ማለት ነው? ጽናት አብዛኛውን ጊዜ የሚጨምረው ውድድር ከመጀመሩ በፊት ባሉት የዝግጅት ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ የውድድሩ ጊዜ ያገኙትን ጠብቆ የማቆያ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት የጣሊያን ወጣት ተጫዋቾችን ለ12 ሳምንት ሲከታተሉ፣ ዋናው የጽናት ለውጥ የመጣው በመጀመሪያዎቹ የዝግጅት ሳምንታት ነው። ያም ጥናት ሌላ ጠቃሚ ነገር አሳይቷል፤ በትንንሽ ሜዳ በጥቂት ልጆች የሚደረግ ጨዋታና ያለ ኳስ የሚሮጥ ሩጫ ጽናትን እኩል ነው ያሳደጉት።

በዚያ ላይ የክብደት ነገር አለ። ልጁ ከመስከረም እስከ ግንቦት 5 ኪሎ ከጨመረ፣ ግንቦት ላይ ያንኑ ርቀት የሸፈነው 5 ኪሎ ተሸክሞ ነው። ይህን «አልተሻሻለም» ማለት ይከብደኛል።

የደሴና የኮምቦልቻ ንጽጽር ግን ከሁሉም የከፋው ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግን በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ጆሮው ይነግረዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ላይ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም ያንሳል። ሰውነት በከባድ ሩጫ ጊዜ ሊጠቀም የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን በየ1,000 ሜትሩ ከ6 እስከ 7 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ይታወቃል። እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ስለለመደ ጉዳቱ ይቀንስለታል እንጂ ጨርሶ አይጠፋለትም። ስለዚህ የደሴ ልጅ በከተማው ሜዳ ሆጤ ላይ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ኮምቦልቻ ላይ ሮጠው የተገኘ የርቀት ልዩነት ስለ ስንፍና ምንም አይነግረንም።

ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ በ2,240 ሜትር ከፍታ፣ ወርቁን ያመጣው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። 8 ደቂቃ ልዩነት አለው። ማሞ ሰንፎ ነበር የሚል ኢትዮጵያዊ የለም። በዚያው ኦሎምፒክ በረዥሙ ሩጫ ሰዓቶቹ ሲዘገዩ፣ በአጭር ሩጫና በዝላይ ክብረ ወሰኖች ተሰብረዋል። አየሩ ስስ ሲሆን ለፈጣኑ ይመቻል፣ ለረዥሙ ይከብዳል። ኳስም ይህን ጉዳይ ያውቀዋል፤ ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ከልክሎ ነበር። ገደቡን ወዲያው ወደ 3,000 ከፍ አደረገው፣ በ2008 ደግሞ አነሳው። ደሴ ያኔ በመጀመሪያው ገደብ ጫፍ ላይ ነበረች ማለት ነው።

ከኮምቦልቻ የሚመጣ ቡድን ሆጤ ላይ ሁለተኛው አጋማሽ ሲገባ ምን እንደሚሆን ሜዳ የሚገባ ሰው ሁሉ ያየዋል። ልጆቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። ያኔ «የኮምቦልቻ ልጆች ሰነፉ» ማለት ልክ እንዳልሆነው ሁሉ፣ የደሴዎቹንም እንዲህ ማለት ልክ አይደለም። ማወዳደር ከተፈለገ ሁሉም አንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ሰዓት ይሩጡ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ልጁን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው።

ጦሳን በየቀኑ የመሮጡ ሐሳብ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ልጅ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ዳገት መሮጥ ጥሩ ልምምድ ነው። በትክክል ከተያዘ ጽናትም ጉልበትም ይሰጣል፤ ጸሐፊው ሩጫ ይጨመር ማለታቸው ራሱ ስህተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የኖርዌይ ጥናት ወጣት ተጫዋቾች ልብ በኃይል እስኪመታ አራት ደቂቃ ሮጠው ሦስት ደቂቃ ሶምሶማ ያደርጉ ነበር። ይህን አራት ጊዜ ይደጋግሙታል። ሰውነታቸው የሚጠቀመው ኦክስጅን በኪሎ ክብደት በደቂቃ ከ58 ሚሊ ሊትር ወደ 64 ገደማ ከፍ አለ፤ በጨዋታ የሚሸፍኑት ርቀትም 20 ከመቶ ጨመረ። ግን ስንት ጊዜ ነው የሮጡት? በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ ለ8 ሳምንት። እነዚያ ልጆች ደግሞ 18 ዓመት ገደማ ነበሩ። ጽሑፉ በየቀኑ ጦሳን ሊያስወጣ የሚያስበው የ13 ዓመት ልጅ ነው።

ዳገቱ ላይ ልብ ነው የሚሠራው። ቁልቁለቱ ላይ ግን ጉልበት ነው የሚመታው። ሲወርዱ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነትን ይይዛል፤ በማግስቱና በሳልስቱ የሚሰማው ሕመም ከዚያ ነው የሚመጣው። አዋቂ ሰው ይህን በእረፍት ያልፈዋል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ግን ሌላ ችግር አለበት። አጥንቱ በፍጥነት ሲረዝም ጅማቱና ጡንቻው ይወጠራሉ። ከጉልበቱ በታች፣ ጅማቱ አጥንቱን የሚይዝበት ቦታ ገና ጠንክሮ ያላለቀ ነው። በሩጫና በዝላይ ሲጎተት ያብጣል፣ ሲነኩት ያማል። ሐኪሞች ኦስጉድ ሽላተር ይሉታል። እኔ ጋ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ልጁ ይመጣና «ኮች፣ እዚህ ጋ ነው» ብሎ ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብላ ያበጠችውን ቦታ በአውራ ጣቱ ይጫናታል። ፊቱ ቅጭም ይላል። ስጠይቀው ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ በጥቂት ወር ውስጥ ሱሪው አጥሮበታል፣ ጫማው ጠቦታል። ይህን ልጅ ነገ ጠዋት ጦሳን ሮጠህ ውረድ ብለው፣ በሚቀጥለው ወር በክራንች ባይመጣም ሜዳውን ይተዋል።

የጨዋታ ማግስት ሩጫንም እንርሳው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጆች በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ከስፖርቱ ሙሉ እረፍት እንዲያገኙ ይመክራል። የእኛ ልጆች ደግሞ ከልምምድ ውጭም አያርፉም። ትምህርት ቤት በእግር ሄደው ይመለሳሉ፤ በደሴ ዳገት ያ ራሱ ሥራ ነው። ቤት ውሃ የሚቀዳ አለ፣ ሱቅ የሚቆም አለ። ይህ ሁሉ ሳይቆጠር «አይሮጡም» ይባላል።

ያ ጊዜ ካለ ለሌላ ነገር እንጠቀምበት። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ቀላል ሩጫ፣ የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ሚዛን መጠበቅና ዝላይ አለው። ዕቃ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ከ1,800 በላይ የኖርዌይ ታዳጊ ሴት ተጫዋቾችን ተከታትሎ፣ ይህን የሠሩት ቡድኖች ጉዳት በሲሶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። በውድድር ዘመን ውስጥ ያልተጎዳ ልጅ ሁሌም ይለማመዳል፤ ሁሌም የሚለማመድ ልጅ ደግሞ ጽናቱ አይወርድም። የታዳጊ አካል ብቃት በአብዛኛው የሚጠበቀው በዚህ መንገድ ነው።

የጾሙን ነገር አጠር ላድርግ። በ2017ም በ2018ም ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሁለቱም የገቡት በየካቲት ነው፤ ውድድሩ መሃል ላይ። በእኛ ከተማ ቡድን ውስጥ ረመዳንን የሚጾሙም ዐቢይ ጾምን የሚጾሙም ልጆች አሉ። የሚጾመው ይውጣ ከተባለ ሜዳው ላይ ማን ይቀራል? ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ነገር አለ፤ በአልጄሪያ ተጫዋቾች ላይ የተሠራ ጥናት በረመዳን ፍጥነትና ጽናት ሲቀንስ አግኝቷል። ግን ምግባቸውና እንቅልፋቸው በሥርዓት በተያዘላቸው የቱኒዚያ ታዳጊዎች ላይ ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ስለዚህ የሚስተካከለው ልምምዱ ነው። ሰዓቱ ወደ ማፍጠሪያው ይጠጋ፣ ከባዱ ሩጫ ይቀነስ፣ ልጁ ማታ በቂ ውሃ ይጠጣ፣ ጎህ ሳይቀድ የሚበላውን ስሑር አይዝለል። ዐቢይ ጾም ለሚጾመው ልጅም ሽሮው፣ ምስሩና በሶው ኃይል አላቸው፤ ዋናው ነገር ሳይበላ ቆይቶ በባዶ ሆዱ ሜዳ አለመምጣቱ ነው። ጾሙን ምክንያት አድርጎ ልጅን ከጓደኞቹ መለየት ግን አሰልጣኝነት አይደለም።

የቀረው ልጆቹን የመቀነሱ ነገር ነው። «ያልተሻሻለ ይልቀቅ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሲነበብ ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ማን ነው የማይሻሻለው? በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ልጆችን አስቡ። አንዱ በ13 ዓመቱ ጺሙ ብቅ ብቅ ይላል፣ ትከሻው ሰፍቷል። ሌላው በዚያው ዕድሜ ገና ድምፁ አልጎረነነም። የመጀመሪያው ዘንድሮ ዝላዩም ፍጥነቱም ይተኮሳል። ሁለተኛው ባለበት ይቆያል፣ ምክንያቱም የሱ ዓመት ገና አልመጣም። ሌላም አለ፤ በፍጥነት በሚያድግበት ወር እግሩ ድንገት ረዝሞበት የሚንገዳገድ፣ ኳሷን ሲመታ የሚስት ልጅ። ለጥቂት ወራት ቁጥሩ ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ይህ የሚያልፍ ነገር ነው። በግንቦቱ ወረቀት ብቻ ከፈረድን የምናስቀረው ቀድሞ ያደገውን ነው፤ የምናባርረው ደግሞ ኳስ የሚችለውንና ሰውነቱ የዘገየበትን።

አንቷን ግሪዝማን በልጅነቱ በአካሉ ማነስ ምክንያት የፈረንሳይ ክለቦች እምቢ ብለውታል። ወደ ስፔን ሄዶ ሪያል ሶሴዳድ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከፈረንሳይ ጋር የዓለም ዋንጫ አነሳ። ጄሚ ቫርዲ በ16 ዓመቱ ከሼፊልድ ዌንስደይ ሲለቀቅ ምክንያቱ ትንሽ መሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሌስተር ጋር የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። እነሱ የተሻለ ሥርዓት ባለበት አገር ስለነበሩ ሌላ በር አገኙ። ደሴ ላይ ከታዳጊ ቡድን የተቀነሰ ልጅ ሌላ በር የለውም። ወደ ሰፈር ጨዋታ ይመለሳል፣ ወይም ጭራሽ ይተወዋል።

እርግጥ ነው፣ ልምምድ የሚቀር፣ ሜዳ ላይ የሚቀልድ ልጅ አለ። ስለ እሱ ጸሐፊው ያሉትን እቀበላለሁ። ግን ያ በመቅሪያ መዝገብ ይታያል እንጂ በጠመኔ ምልክት አይለካም።

ለጸሐፊውና የሚቀነሱትን ዝርዝር ለያዙት ሰዎች የምለው ይህ ነው። የዘንድሮው መዝገብ አይጣል፤ ጠቃሚ ነው። መስከረም ላይ እንደገና እንለካ፣ እኔም ለመርዳት ዝግጁ ነኝ። የእያንዳንዱ ልጅ ቁመትና ክብደት በየሁለት ወሩ ይመዝገብ። ዝላይ በተለካ ቁጥር የቆመበት ምልክትም አዲስ ይሁን። ሩጫው በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሰዓት፣ በዮዮ ይሁን። ከጎናቸው ከየትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ የሌሉ ጥቂት እኩዮቻቸው ይለኩ። እስከዚያ ድረስ የልጆቹ ስም ከቅነሳው ዝርዝር ይውጣና ልምምዳቸውን ይቀጥሉ።